አንድ ማስታወቂያ በዐሥራ አንድ ፈር

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ ነው። ከሐሳቤ ያልወጣው፣ ብቻዬን ስስቅበት የሰነበትኩት ነገር የኔ ብቻ ሳቅ አለመሆኑን ኋላ ስለደረስኩበት ነው።

እኔ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቼ አሶሳ አጠገብ የቀረሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የተጣመመ ካለ አቃኑልኝ። ባለቤቴ ዘይነባ ከሞተች ወዲህ ደቦ ጠርቼ አላውቅም። ደቦ የጠራ ሰው ማብላት፣ ማጠጣት አለበት፤ በኔ ቤት ማን ደግሶ? ጎረቤት "እናግዝህ" ሲለኝ "ደህና ነኝ" እላለሁ። ደህና ነኝ እያልኩ ለውዜን አረም ዋጠው። ወገቤም እምቢ አለ። ያ ሳምንት ካለፈ የዓመቱ ለውዝ እንደማይተርፍ አውቄዋለሁ።

አንድ ጧት ፀሐይ ወጣ ሲል አራት የኮሌጅ ተማሪዎች ማሳዬ ዳር መጡ። ስልክ የያዘችው ሐዋ የምትባል የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አለቃቸውም እሷ ነች። የሯጭ ልብስ የለበሰው ረጅሙ ናትናኤል ይባላል። የስፖርት መጠጥ ማስታወቂያ ቀርጸው በማግስቱ ለመምህራቸው ማስረከብ አለባቸው።

ሐዋ ስሜን ጠየቀችና "ዓም ይመር" አለችኝ። ዓም በነሱ አጎት ማለት ነው። "አንተ ታርማለህ፣ ይደክምሃል። ናትናኤል መጠጥ ይሰጥሃል። ትጠጣና 'ብርታት ጠጣሁ፣ በረታሁ' ትላለህ።" አንተ ያለችኝ በንቀት አይደለም፤ አማርኛዋ እንዲያ ነው።

መጠጡን ራሳቸው ቀምመው፣ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው "ብርታት" የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። ቀመስኩት። ሎሚ፣ ስኳር፣ ጨው።

"ይሄ ጤና ጣቢያ ለተቅማጥ የሚሰጡን አይደለም እንዴ?"

"አባባ፣ እሱን ብቻ ሲቀረጹ እንዳይሉ" አለ ናትናኤል።

"መድከም ማስመሰል አላውቅም፤ የእውነት ልድከም" አልኳቸው። "ሽማግሌ ብቻውን ሲያርምም አያምርም፤ እናንተም ግቡ። በኛ ወግ ግን ማሳ ላይ የጠጣ ሰው ፈሩን ሳያደርስ አይወጣም፤ አስቡበት።"

ሳቁና ከመጠጡ ተጎንጭተው ገቡ። ሐዋም ጠጣች።

አንደኛውን ፈር እንደጨረስን ጠጣሁና ስልኩን ትኩር ብዬ አየሁት።

"ስልኩን አትይ። እንደገና" አለች ሐዋ።

"እዚህ ላይ እንደገና የለም። አረሙ ተነቅሏል፤ ምን አርሜ ልድከም? ወደሚቀጥለው ፈር እንለፍ።"

ይህን የተናገርኩት በቅንነት ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ዘዴው የታየኝ።

በሁለተኛው ፈር አነጠስኩ። በሦስተኛው የመጠጡን ስም ረሳሁ። በአራተኛው "ለተቅማጥ ፍቱን ነው" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝረውም፤ ፍየሌንም ሳልጣራ አልቀረሁም።

ናትናኤል ወገቡን ይዞ "አባባ፣ እስካሁን አልደከመዎትም?" ይለኛል።

"ገና ነኝ ልጄ። አንተ ጠጣበት እስቲ፣ ይሠራ እንደሆን እንየው።"

ደጋገመው፤ አልሠራለትም። ለውዙን እየነቀለ አረሙን ሲተውልኝ "ሯጩ፣ የነቀልከው እኮ ምሳዬን ነው" አልኩት።

ዐሥረኛው ፈር ሲያልቅ ሰማዩ ጠቆረ። ሐዋ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ቀና ብላ አየች። ዝናብ ከጣለ የሚያስረክቡት የላቸውም። እኔም አንዲት ፈር ቀርታኛለች። የልጅቱን ፊት ሳየው ልናዘዝ ዳዳኝ፤ ግን ዋጥኩት። ዐሥራ አንደኛውን እየተጣደፍን አደረስን። ጠጣሁ፤ አንድም ቃል ሳልስት "ብርታት ጠጣሁ፣ በረታሁ" አልኩ።

ዝናቡ ዱብ ዱብ አለ። ማንጎው ሥር ተጠልለን ማሳዬን ብመለከተው አረም የሚባል የለበትም።

ከሄዱ በኋላ ግን በሳቄ መሃል ሐሳብ ገባኝ። ቢወድቁስ? ስንቱን ሰዓት ያባከንኩባቸው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ሐዋ ብቻዋን መጥታ ማስታወቂያውን አሳየችኝ። ያን የተስተካከለ ንግግሬን አላስገቡትም። ያበላሸሁትን ነው የቀጣጠሉት፤ ሳነጥስ፣ ስሙ ሲጠፋኝ፣ ናትናኤል ጠርሙሱን አቅፎ ፈሩ ላይ ሲዘረር እኔ አልፌው ሳርም። መምህራቸው ሲስቅ ውሎ ጥሩ ማርክ ሰጣቸው።

"ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሆን ብዬ ነበር" አልኳት።

"ሦስተኛው ፈር ላይ አወቅን" አለች።

"ታዲያ ምን አስቀመጣችሁ?"

"ጠጥተን እንሂድ? በኛም አገር እኮ ነውር ነው።"

ለውዙ ሲደርስ ለአራቱም ቆልቼ ላክሁላቸው። መጠጣቸውን ዛሬም የተቅማጥ ነው እላለሁ፤ በዚህ አልመለስም። ዘንድሮ ግን አረሙ ብቅ ሲል "ደህና ነኝ" አልልም። ልጆቹን በዘዴ ሳይሆን በአፌ እጠራቸዋለሁ፤ ጎረቤቶቼንም እጨምራለሁ። ማጠጫው ሎሚና ስኳር፣ ጨውም ከሆነ፣ እሱ ከቤቴ አይታጣም።