የሶርሳ ቁጥር

ወላጆች በተሰበሰቡበት ዕለት ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው ቦሼ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ በአማርኛ ተናገረ፤ አንድ መምህር በወላይትኛ ደገመው። "ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ስልኩ ሰልፍ ላይ ይቃጠል የምትሉ?" ሲባል የቦሼ እጅ ሽቅብ ተወረወረ። ጎረቤቷ ዓመለወርቅ "አንቺ፣ ጣሪያውን እንዳትበሺው!" ብላ ሳቀችባት።

ቦሼ ግን የምሯን ነበር። ሻንቶ ከተማ መንገድ ዳር ለሽያጭ ጎደሬ ዘርግታ ስትውል፣ ልጆች ስልክ ላይ እንዳቀረቀሩ ከባጃጅ ጋር ሊላተሙ ሲሉ ታያለች። ልጇ ሜላት እንደነሱ እንድትሆንባት አትፈልግም።

እሷ ራሷ ስልክ የያዘችው በልጇ በሶርሳ ምክንያት ነው። ሶርሳ ባጃጅ ነጂ ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሳ ስልኩን ከነሲሙ ትቶላት ሄደ። ኬንያ ደርሶ ሲደውል ድምፁ በጉንፋን ተዘግቶ ነበር።

"እማ፣ ከሰው ስልክ እየለመንኩ ነው የምደውለው። በቃሌ የያዝኩት ቁጥር ይሄ ብቻ ነው። እንዳታጠፊው።"

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ከመቀነቷ ተለይቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ለጸሎት እጁን ሲዘረጋ የእሷ አንድ እጅ ወገቧ ላይ ነው። ሶርሳ ግን ወራት አለፉት፤ አልደወለም።

ሜላት ዐሥረኛ ክፍል ናት። የታተመ መጽሐፍ ስላልደረሳቸው መምህር ይስሐቅ የባዮሎጂውን በቴሌግራም ልኮላቸዋል፤ እሷም ማታ ማታ ከእናቷ ስልክ ላይ ታነበዋለች። የፈተናው ዕለት ጠዋት ልመና ጀመረች።

"እማ፣ ቤታቸው ስልክ የሌላቸው ጓደኞቼ መጽሐፉ ላይ ያለውን የልብ ሥዕል አላዩትም። ከፈተናው በፊት አንዴ ላሳያቸው።"

"ሕጉስ?"

"ቦርሳዬ ሥር እደብቀዋለሁ። ድምፁንም አጠፋዋለሁ።"

ቦሼ ስልኩን ከመቀነቷ ፈታ ሰጠቻት፤ ግን እጇን ያዝ አደረገቻት። "ድምፁን አታጥፊው። ቢደውልስ? ደብቀሽም ቢሆን አንሺው።"

ደወለ። ባንዲራ እየተሰቀለ፣ ተማሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ የሜላት ቦርሳ ጮኸ። ስታወጣው ቁጥሩ የኛ አገር አልነበረም። ልታነሳው ስትል ርዕሰ መምህሩ ከእጇ ነጠቃትና አጠፋው።

"ወንድሜ ነው! በእግዜር፣ ወንድሜ ነው!"

"ሁሉም ወንድሜ ነው ይላል። እናትሽ አይደለች ከሁሉ በፊት እጇን ያወጣችው?"

ሌሎች የተያዙ ስልኮች መሬት ላይ ተከምረው ነበር። የሶርሳን ከላያቸው ጣለው፤ ጋዝ ተርከፈከፈ፤ ክብሪት ተጫረ። መጽሐፉን የላከው መምህር ይስሐቅ ከሰልፉ ኋላ ጫማውን እያየ ቆሞ ነበር።

ሜላት እያለቀሰች ገበያ ድረስ መጥታ ስትነግራት ቦሼ አልጮኸችም። ጎደሬውን እንደተዘረጋ ትታ ሚኒባስ ተሳፈረችና ሶዶ ሄደች። የጠፋ ሲም በዚያው ቁጥር የሚያወጡበት ቢሮ ወረፋ ይዛ ጠበቀች።

"እማማ፣ ሲሙ የወጣው በልጅዎ ስም ነው" አለቻት የቢሮው ሠራተኛ። "ባለቤቱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ።"

"እሱ እንዲመጣማ ነው እኔስ የምፈልገው።"

የሠራተኛዋ ፊት በሐዘኔታ ጠቆረ። ቢሆንም ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ሜላት ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ጓዳ ትተኛለች፤ ቦሼም ምግብ አጠገቧ አስቀምጣላት ትወጣለች። "እኔ ነኝ ድምፁን አታጥፊ ያልኩሽ" ትላታለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዓመለወርቅ የቦሼን ባዶ መቀነት አየችና ስልኳን አወጣች። "ማን ጋ ልደውልልሽ?"

ቦሼ የሶርሳን ቁጥር ነገረቻት።

"እሱ እኮ ተቃጥሏል፣ እህቴ።"

"ደውይልኝ።"

ቦሼ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም" አለች አንዲት ሴት፣ በጥሩ ድምፅ። ቦሼ እስኪያልቅ አዳመጠች።

"ለሱም ሲደውል እንዲህ ነው የሚሉት?" አለች።

ዓመለወርቅ ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

"እስቲ ድገሚልኝ" አለች ቦሼ።