ጋሽ ተፈራና የጠፈሯ ሴት

ልጅ እያለሁ፣ ነፋሱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በኩል ሲመጣ አቃቂ ያለው ሰፈራችን ጥጥና የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። የጎረቤታችን የጋሽ ተፈራ ኮትም እንደዚያው ይሸታል፤ ሥራ ካቆሙ በኋላ እንኳ አልለቀቀውም። በደርግ ጊዜ ፋብሪካው መስኮብ አገር፣ ሩሲያ ልኮ መካኒክነት ያስተማራቸው ሰው ነበሩ። መንግሥት ተለውጦ ሠራተኛ ሲቀነስ እሳቸውም ቤት ዋሉ። ሰፈርተኛው "መስኮቡ መጣ" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ለእኔ ግን ቤታቸው ሌላ ዓለም ነበር። ግድግዳው ከመጽሔት በተቆረጡ የሩሲያ ታላላቅ ሰዎች ፎቶ ተሸፍኗል። የዓለምን ንጥረ ነገር በሰንጠረዥ ያሰለፈው ጢማም ሊቅ አለ፤ "በሕልሙ ነው አሉ ያየው" ይሉኛል። በእግር ጣቶቿ ጫፍ የቆመች፣ ላባ የመሰለች ዳንሰኛም አለች። ከሁሉም ዓይኔን የምትይዘው ክብ የራስ ቁር ያጠለቀችው፣ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች።

"እሷም እንደ እናትሽ ጨርቃ ጨርቅ ነበር የምትሠራው" አሉኝ አንድ ቀን።

ከዚያ ወዲያ እማዬ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዛ ከሥራ ስትገባ ዝም ብዬ አያታለሁ። ዓይኔን ስጨፍን ከአቃቂ ወንዝ በላይ፣ ከባቡር ሐዲዱም በላይ ቀስ እያለች ስትንሳፈፍ ትታየኛለች።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ መምህራችን ስለ ጠፈር ሲያስተምሩ እጄን አወጣሁ። "ሴትም ሄዳለች፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጋሽ ተፈራ።"

"መስኮቡ!" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ።

እያለቀስኩ ጋሽ ተፈራ ቤት ገባሁ። "ዋሽተውኝ ነው አይደል?" አልኳቸው። አልተቆጡም። ፎቶዋን በቢላዋ ጫፍ ከግድግዳው ቀስ አድርገው አነሱ። በማግስቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ።

ከፎቶዋ ሥር ያለውን ጽሑፍ መጀመሪያ በሩሲያኛ አነበቡት፣ ቀጥለው በአማርኛ። ሴትዮዋ ጠፈር ከመውጣቷ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ እንደነበረች ይናገራል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እኔም አላውቅም ነበር" አሉ መምህሩ። ወደ እኔም ዞረው "ይቅርታ" አሉኝ። ከዚያ ወንበር አቀረቡላቸውና "እስቲ ይንገሩን" አሏቸው። ደወል እስኪደወል ስለ በረዶው፣ ስለ ሊቃውንቱ፣ ስለ ዳንሰኞቹ አወሩልን።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ያዙኝ። "ከፋብሪካ ከወጣሁ ወዲህ" አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ "ዛሬ ሥራ የዋልኩ መሰለኝ።"

ጋሽ ተፈራ ካረፉ ቆዩ። ቤታቸው የነበረበት ዛሬ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። የእኔ ልጆች የቸገራቸውን ሁሉ ስልካቸውን ይጠይቃሉ፤ እሱም ወዲያው ይመልሳል፣ አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ደስ ይለኛል። ብቻ አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ፦ ስልኩን ቢያምኑትም ባያምኑትም ግድ የለውም፤ እኛን ያስተማሩን እንደ ጋሽ ተፈራ ያሉት ግን ስናምናቸው ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።