የፕላዝማዋን መምህርት የቀዳችው ልጅ

አርባ ምንጭ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ስመደብ ፕላዝማ ቀድሞኝ ክፍል ገብቶ ነበር። ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ከውስጡ አንዲት የውጭ አገር መምህርት ብቅ ትልና ውሻ እንደሚያባርራት ሰው እየተጣደፈች እንግሊዝኛዋን ታወርደዋለች። የኔ ሥራ ሳጥኑን መክፈት፣ ቴሌቪዥኑን ማብራት፣ ሪሞቱን መጠበቅና ተማሪው እንዳይንጫጫ ማየት ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ለዚህ ነው።

መምህርቷ መጠየቅ እንጂ መስማት አልፈጠረባትም። «አንድ ደቂቃ አላችሁ፣ ሥሩት» ትላለች። ልጆቹ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ ደቂቃዋ ታልቅና «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታመሰግናቸዋለች። ማንም ምንም አልመለሰላትም።

አንድ ቀን ትምህርቱ «ኮፒ» ስለሚለው ግስና ስለ ዘመዶቹ ነበር። ኢሚቴት፣ ሚሚክ፣ ዱፕሊኬት እያለች ደረደረቻቸውና ሄደች። የልጆቹን ፊት ሳይ ምንም እንዳልገባቸው ገባኝ። «በሉ፣ መዝገበ ቃላት እያያችሁ በኮፒ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ» አልኳቸው። መዝገበ ቃላቱ ምን እንደሚል ግን አስቀድሜ አላየሁም። ለካ «ቀዳ፣ ገለበጠ፣ ኮረጀ» ብሎ ቁጭ ብሏል።

በማግስቱ የመጀመሪያው ልጅ ተነሳና በኩራት አነበበ። «ማይ ማዘር ኮፒስ ወተር ኤቭሪ ሞርኒንግ።»

«በአማርኛ ምን ማለትህ ነው?»

«እናቴ ሁልጊዜ ጠዋት ውሃ ትቀዳለች፣ ቲቸር።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቀጣዩን አስነሳሁ። በሱ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንድ አይሱዙ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ ላይ «ኮፒ» አደረገ። ተገለበጠ ማለቱ ነው።

«የሞተ ሰው አለ?» አልኩ፣ ስለ ሰዋስው መጠየቄን ትቼ።

«የለም ቲቸር፣ ሙዙ ብቻ ነው የተደፋው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ረድፍ በሙሉ እናቱ ውሃ ኮፒ የምታደርግ ሆነ። ቤቱን የማውቀውን አንዱን ልጅ ያዝኩት።

«እናንተ ግቢ ቧንቧ አለ አይደል?»

«አለ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ እናትህ ውሃ የምትቀዳው ከየት ነው?»

ልጁ ሰረቅ አድርጎ የጎረቤቱን ደብተር አየና «ከምንጭ» አለኝ።

ቢያንስ አንደኛው ትርጉም በተግባር ገብቷቸዋል ብዬ ተጽናናሁ። ውሃ መቅዳት ሌላ፣ ጽሑፍ መገልበጥ ሌላ፣ ፈተና ላይ መኮረጅ ሌላ፣ የሰው አነጋገር መቅዳት ደግሞ ሌላ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይሄኔ ከኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ከዶርዜ የመጣች፣ ከተማ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ቤተሰቦቿ ጋ ወጥታ ሰኞ ቆጮ ተሸክማ የምትመለስ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ እኔ የማደርገውስ የትኛው ነው?»

«ምንድነው የምታደርጊው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። ደወል ተደወለና መልሷን ሳልሰማ ቀረሁ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘር መጡ። ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ከዚህ አንጻር ስናየው» የሚሉ ሰው ናቸው። ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን አበራሁ። መምህርቷ ብቅ ብላ «ጉድ ሞርኒንግ» ከማለቷ መብራት ድርግም አለ።

ክፍሉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ለመብራት መጥፋት ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ «ሚሚክ» ብዬ ጻፍኩ፤ የሰው አነጋገር መቅዳት ያልኳቸውን። «በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር የሚሠራ?»

የዶርዜዋ ልጅ እጇን አወጣች። «በተግባር ይቻላል፣ ቲቸር?»

«ይቻላል» አልኩ፣ ከዝምታው ይሻላል ብዬ።

ወጥታ ከጠፋው ቴሌቪዥን ሥር ቆመች። አንገቷን ሰበር፣ እጇን ዘርጋ አደረገችና መብራት ካቋረጠበት ቀጠለች። ያው ድምፅ፣ ያው ጥድፊያ፣ ያው በአፍንጫ መናገር! ለካ ወደ ዶርዜ የሚወጣ የቱሪስት መኪና በቆመ ቁጥር ፈረንጆቹን ስትቀዳ ነው ያደገችው። የደቂቃዋን ሰዓት በአፏ ቀጭ ቀጭ አደረገችና አንድም ልጅ አፉን ሳይከፍት «ቬሪ ጉድ!» አለች። ሱፐርቫይዘሩ ዴስኩን እየመቱ ሳቁ።

«ሌላስ ማንን ትችያለሽ?» አሏት።

«እሳቸውን! እሳቸውን!» አለ ክፍሉ። «ተዉ!» ለማለት ስንቀሳቀስ ልጅቷ የሌለ መነጽር ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጉሮሮዋን ጠርጋለች።

«ከዚህ አንጻር ስናየው...»

የወር ደሞዜ በዓይኔ ላይ ዞረ። ሱፐርቫይዘሩ መነጽራቸውን አውርደው ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት።

«እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?»

«አይ ጋሼ፣» አለ አንዱ ከፊት፣ ሊያድናት አስቦ፣ «እርስዎ ትንሽ ረዘም ያደርጉታል።»

እሳቸው ራሳቸው ሳቁና እኔም ተነፈስኩ። ግን አልጨረሱም። «እስቲ መምህርሽን» አሏት።

ልጅቷ አንዴ አየችኝ። ከዚያ ኪሷን ዳሰሰች፣ ጠረጴዛ ሥር አጎንብሳ አየች፣ ቀና ብላም በኔው ድምፅ «ሪሞቱን ማን ወሰደው? ዝም በሉ!» አለች። ጨረሰችና ወደ ቦታዋ ሄደች። ዓመቱን ሙሉ ከኔ የቀዳችው ይኸው ብቻ ነው። ክፍሉ ተንከተከተ። ሁሉም ሰው ሳቀ፣ እኔ ብቻ ጆሮዬ ጋለ።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ በረንዳው ላይ ጠሩኝ። «ከዚህ አን...» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ፤ ጉሮሯቸውንም ሳይጠርጉ «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ አንተ አስተምር» ብለውኝ ሄዱ።

አስተማርኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ተረት እያወራሁ፣ ልጆቹን እያከራከርኩ፣ እነሱም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየመለሱልኝ፣ ሥራዬን ወደድኩት። የሚገርመው ግን ከዚያ ወዲህ መብራት በኛ ክፍል በኩል ብቻ መጥፋት አበዛ። የግቢው ኤሌክትሪሻን መጥቶ በሩ አጠገብ ያለውን የመብራት ሳጥን ከፈተና ማብሪያ ማጥፊያው ወደ ታች መውረዱን አሳየኝ።

«አይጥ ይሆናል» አልኩት።

ልጆቹ በሙሉ አንገታቸውን ደብተራቸው ላይ ደፍተዋል። ኤሌክትሪሻኑ ሳጥኑን በሽቦ ጠፍሮ አሰረና ሄደ። በሳምንቱ ግን ተመልሶ መጣ።

«መምህር፣» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ፣ «የእናንተ አይጥ ሽቦ ይፈታል።»