ጉብሬ ላይ የሠራነው ኔትወርክ

ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ቢሮ የተጋራኋት ባልደረባዬ የቡታጅራ ልጅ ነበረች። እኔ ከሰሜን የመጣሁ፣ ጉራጊኛ የማልሰማ እንግዳ ነበርኩ። ጠዋት ስትገባ "አሰላሙ አለይኩም" ትለኛለች፤ መልሱን ስሳሳት እየሳቀች ታርመኛለች።

ሥራችን የተጀመረው በአንድ የውሃ ምህንድስና መምህር ልመና ነው። የጎርፍ ስሌቱ ለአንድ ኮምፒውተር ከብዶት ስለነበር ለብዙ ኮምፒውተሮች እንድናከፋፍልለት ጠየቀን። ከመጋዘን ያረጁ ኮምፒውተሮች አወጣን፤ ርካሽ ግን ፈጣን በሆነ የኔትወርክ ስዊች በገመድ አገናኘናቸው። ስናስነሳቸው ስሌቱ ጭራሽ ከበፊቱ ዘገየ።

እኔ ስዊቹን ጠረጠርኩ። እሷ ግን ስትለካ ሰንብታ፣ "ገመዱማ ይፈጥናል፤ የምንጎተተው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አንድ መልእክት ከፕሮግራሙ ተነስቶ ገመዱ የሚሰካበት ኔትወርክ ካርድ ጋ እስኪደርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይቀበለዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይመረምረዋል። ኔትወርክ ቀርፋፋ በነበረ ጊዜ ይህ መጉላላት አይታወቅም ነበር። አሁን መንገዱ ሲፈጥን ጊዜያችንን የሚበላው እሱ ሆነ። የእሷ ሐሳብ የመላላኩን ሥራ ራሱ ፕሮግራማችን እንዲይዘውና ከካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ነበር።

"ሲበላሽስ?" አልኳት። "ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አይደርስልንም እኮ።"

"እኛው እንደርስለታለን።"

ክረምቱን ሙሉ ስንደርስለት ከረምን። መልእክት ይጠፋል፣ ይደገማል፤ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተጯጯህን ነበር የምንነጋገረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስሌቱን አስነስተን ወጣን፤ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ተጠናቆ አገኘነው። እሷ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። የውሃው መምህር ደስታው ቢበዛ ወልቂጤ ድረስ ይዞን ወርዶ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት አፈላልጎ ክትፎ ጋበዘን።

ሌሎች መምህራንም እንዲጠቀሙበት ልናስተካክለው ስንል አባቷ ታመሙ። የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቃቸውን የሚይዝላቸው ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። "ሲሻለው እመለሳለሁ" ብላኝ ሄደች። አልተሻላቸውም።

ብቻዬን ላቆየው ሞከርኩ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲታደስ ኮዷ ከካርዱ ጋር አልግባባ አለ። ስደውልላት ደንበኛ ይገባባታል፤ "ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ" ትላለች። ስትደውል ደግሞ ድምፅዋ ደክሞ ስለምሰማው የአባቷን ጤንነት ጠይቄ ብቻ እዘጋለሁ። በመጨረሻ ኮምፒውተሮቹ ለተማሪዎች ምዝገባ ተፈለጉና ተወሰዱ፤ ውስጣቸው ያለው ሁሉ ተጠርጎ በአዲስ ተጫነባቸው።

አባቷ ሲያርፉ ለቅሶ ልደርስ ቡታጅራ ሄድኩ። ሰው ሲበተን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ያ ነገር ይሠራል?"

"የለም። ኮምፒውተሮቹን ወሰዷቸው።"



"ኮዱስ?"

"እኔ ጋ አለ።"

"ላክልኝ እስኪ። የማየው አይመስለኝም፤ ግን ይኑረኝ።"

ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ በዒድ እደውልላታለሁ፤ ኋላ ስለወለደችው ልጇና ስለ ሱቁ ታወራኛለች። የውሃው መምህር ስሌቱን አሁን እንደ ድሮው በአንድ ኮምፒውተር ዓርብ አስነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ሳገኘው፣ "አላለቀም?" እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለ እሷም ሁለታችንም አናነሳም።