ሽማግሌ የላከው ዘፋኝ

ሽባባው በቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ቁጥብ ሰው ነው። ለዜማ አፉን ሲከፍት ግን ድምፁ እንደ ነጋሪት ይጎላል። የሙዚቃ መምህርቷ ማዕዶት ኦፔራ፣ ማለትም ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ተውኔት፣ ልታሳይ ባሰበች ጊዜ እርሱን የፈለገችው ስለዚህ ነበር።

ተውኔቱ የጣሊያኖች የቆየ አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ አንድ ሹም ለእስረኛው እጮኛ «እፈታልሻለሁ» ብሎ ከማለ በኋላ ሰውየውን ያስገድለዋል። ማዕዶት ታሪኩን ከጣሊያን አንሥታ በ1970 ዓ.ም. ቡታጅራ ላይ አሳረፈችው፤ ሹሙንም የደርግ ዘመን የቀበሌ ሊቀ መንበር አደረገችው።

«ጋሼ ሽባባው፣ ሊቀ መንበሩን ከእርስዎ በቀር የሚችለው የለም።»

የሽባባው አባት በዚያው ዘመን የቀበሌ ሊቀ መንበር እንደነበሩ አላወቀችም። የበርበሬ ነጋዴዋ የሰፍያ ወንድም ሰይዶ በእርሳቸው ፊርማ ታስሮ በዚያው ቀርቷል። ሽባባው ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። አሁን እንዲያ ያለውን ሰው ሆኖ በአደባባይ ሊዘፍን ነው፤ ሰፍያ ሳትፈቅድ እንዴት ይሆናል?

እንደ አገሩ ወግ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኖ እሑድ ጧት ወደ ቤቷ ላከ፤ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ስሕተቱ ጉዳዩን አስቀድሞ አለማስነገሩ ነበር። ሦስት ሽማግሌ በበሯ ቆሞ ያየች እናት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፤ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሐጅ ዑመይር።

«ገብቶኛል! ልጄ ፈቲሀ ዩኒቨርሲቲዋን ሳትጨርስ አልድራትም።» ከዚያም በአጥሩ ላይ አሻግራ አየች። «ደግሞ ሙሽራው ያ ሽበታም ነው? ወላሂ፣ እርሱስ ለእኔም አርጅቷል!»

ሐጅ ዑመይር ሳቃቸውን ዋጡ። «ሰፍያ፣ የመጣነው ስለ ልጅሽ አይደለም፤ ስለ ወንድምሽ ነው።»

ሰፍያ ሽባባውን አስጠራችው። እርሱ አንገቱን ደፍቶ የአባቱን ፊርማም የተውኔቱንም ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራት።

«አባትህስ ሞተ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አርባ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ከዚያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ የሰይዶን ስም እንዲጠራ ነው።»

«ተው ካልሽኝ እተወዋለሁ፣ እትዬ ሰፍያ።»

«ምን ሲደረግ! ዝፈን። ግን ሰውየውን እንዳታሳምርብኝ፤ ማንም እንዳያዝንለት።»

ፈቲሀ ቆጮ በአይብ አቀረበች። «ብላ፤ ሥጋ የለበትም» አለችው ሰፍያ፣ ለክርስቲያን እንግዳዋ ተጠንቅቃ። ሽማግሌዎቹም ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ልጅ የአባቱን ጥፋት አይወርስም፤ ይቅርታ የመጠየቁን ግዴታ ግን ይወርሳል። ሽባባው ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ ቢዘገይም ግን አልቀረም።

ተውኔቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀረበ። ሊቀ መንበሩ መሐላውን ሲያፈርስ «አንተ ከሀዲ!» የሚል ጩኸት አዳራሹን አናጋው። ጯኺዋ ሰፍያ ነበረች። ትርኢቱ እንዳበቃ ላብ ያጠመቀው ሽባባው ዘንድ መጣች።

«ጩኸቴ ተሰማህ?»

«ተሰማኝ፣ እትዬ።»

«እሰይ፤ ወጣልኝ» አለችና የጨበጠችውን እጁን ቶሎ አልለቀቀችም።