ማርታ ቤት ስንት ሰው አለ?

ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ዲላ። ጠዋት ከጨለለቅቱ አሥራ አራት ጆንያ ቡና ገባ፤ ሁለቱ እርጥበት ስላለባቸው ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ብልሽቱን ከደህናው የሚለዩ ሃያ ሦስት ቡና ለቃሚ ሴቶች መጡ።

ረፋዱ ላይ ግን... መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ቆመ።

በመጋዘኔ በረንዳ ላይ አልማዝ የምትባል ወጣት መምህርት የለቃሚዎቹን ሕፃናት ታስተምራለች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ዛሬ ለየልጁ ወለሉ ላይ በጠመኔ ቤት ሣለችና «በቤታችሁ ላለው ሰው ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ቡና አስገቡ፤ ከዚያ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ» አለቻቸው።

የአምስት ዓመቷ ማርታ ቀደመች። «አባዬ አንድ፣ እማዬ ሁለት...» እያለች ስምንት ላይ ስትደርስ እናቷ ሰፌዷን ይዛ ከመጋዘኑ ወጣች። ቤቱን በእግሯ አበሰችው። ፍሬዎቹ ተበተኑ።

«ሰው ይቆጠራል? ከብት ነን?» ብላ የልጇን እጅ ያዘች። «ከእንግዲህ እዚህ አትማርም!»

«እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው...» አለች አልማዝ።

«አምና አንድ ጸሐፊ መጥቶ ስንት ልጅ አለሽ አለኝ። ሰባት አልኩት። ወር ሳይሞላ ስድስት ሆኑ።»

ሌሎቹም እናቶች በሩ ላይ ቆመው ልጆቻቸውን በዓይን ይጠሩ ጀመር።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እናቴም መንዝ ሳለን ስንት ወለድሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ነበር መልሷ። ያሳዘነችኝ ማርታ ናት... አንድ እጇን እናቷ ይዛት፣ በሌላው ፍሬዎቿን ትሰበስባለች።

«የማርታ እናት» አልኩ፣ «ራት ስታቀርቢ ለቤቱ ሰው ብቻ ለክተሽ ነው?»

«ኤዲያ ጋሼ! እንግዳ ቢመጣስ?»

«እንግዲያው እንግዳውም እዚህ ቤት ይግባ።»

«የሁሉም ቤት?» አለች።

«የሁሉም።»

አልማዝ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ስህተት ይሆናል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጆቹ አይሳሳቱም። የሚሳሳተው ልጅ ሊወስድ የሚመጣው ነው።»

ቤቱ እንደገና ተሣለ። ማርታ ስምንቱን ፍሬ መለሰች። እናቷ ከሰፌዷ አንድ ደህና ፍሬ መረጠች፣ አገላብጣ አየችው፣ ከደጃፉ ገባ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ!» አለች ማርታ።

«አዎ፣ ዘጠኝ ነን!» አለች እናቷ፣ ከእኛ አልፎ ሌላም የሚሰማ ያለ ይመስል ጮክ ብላ። ልጇን እዚያው ትታ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ለእኔም ቤት ሣሉልኝና ሁለት ፍሬ አስገቡበት። ዲላ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቤቴ ሁለት ሰው ሆኖ አያውቅም... አላረምኳቸውም።

ነገ፦ አናጺው ዘንድ ሄዶ ለበረንዳው አንድ አግዳሚ ወንበር ማዘዝ።