ጋሼ ተክሌ ያቦኩት ጭቃ

አርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሊትልተን፣ ዴንቨር አጠገብ

ዛሬ እረፍት ነኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ተክሌ አውሮራ፣ ጓሯቸው ውስጥ፣ በታሰረ ጭድ አንዲት ክፍል ቤት እየሠሩ ነው። የምሄደው ግድግዳውን ጭቃ በመምረግ ላግዛቸው ነው። እግረ መንገዴንም ልሰልል፤ እኔና ባሌ እንዲህ ያለ ቤት ያምረናል። እሑድ ይዘንባል ተብሏል። ያልተመረገ ጭድ ከራሰ ይበሰብሳል፣ የጋሼ የአራት ወር ልፋትም ገደል ገባ ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አውቶቡስ ውስጥ

መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች በባቡር ዴንቨር ወረድኩና ኮልፋክስ ላይ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ያዝኩ። መንገድ ላይ ወርጄ የምስር ሳምቡሳ ገዛሁ፤ አርብ አይደል። አንዷ ሦስት ዶላር! «ወርቅ ነው እንዴ የከተታችሁበት?» ብዬ ሻጯን ስነዘንዛት አንድ መረቀችልኝ።

አራት ሰዓት፣ አውሮራ

አጥሩ ጋ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሞቶ ነው?»

«ምን ይሞታል! ጭቃው ነው። ሳምንት ሙሉ በበርሜል አቡክቼዋለሁ፤ ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል» አሉ ኮራ ብለው።

አገር ቤትማ እንዲሁ ነው፤ ጎረቤቱም ሽታውን ያውቀዋል። የጋሼ ጎረቤት ሊንዳ ግን የሽንት ቤት ቱቦ የፈነዳ መስሏት ለከተማው አስተዳደር ኮል አድርጋለች። ከዚያ የተላከው የግንባታ ተቆጣጣሪ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«ይሄ ነገር መደፋት አለበት» አለ።

ሌላ ጭቃ ለማቡካት ሌላ ሳምንት ሊፈጅ ነው። የጋሼ ፊት ሲገረጣ አንጀቴን በሉት።

«መጀመሪያ ግድግዳውን ይይልኝ በይው» አሉኝ። ጭዱን ከመሬት ከፍ አድርገው በጠጠር ላይ እንደደረደሩት፣ ዝናብ እንዳያገኘውም ጣሪያውን እንዳስረዘሙት ተረጎምኩለት። እሱም መርፌ የመሰለ የእርጥበት መለኪያውን ጭዱ ውስጥ ሰካ። ደረቅ ነው።

«ሽታውስ?»

«ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ይጠፋል» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጨርሱት። የተረፈውን ግን ትደፋላችሁ» ብሎ ሄደ።

እኔ፣ ጋሼና ሁለት የቤተክርስቲያን ጓደኞቻቸው፤ አራት ሰው ለዚያ ሁሉ ግድግዳ! ሊንዳ በአጥሩ በኩል አየችን፣ ቤቷ ገባች፣ ቡትስ አድርጋ ተመለሰች።

«ሽታው ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ እኔም እመርጋለሁ።»

አፍንጫዋን በስካርፍ አስራ ጀመረች። አስር ሰዓት ላይማ «እዚህ ጥግ ሳስቷል» እያለች ጋሼን ታርማቸው ነበር! እሳቸውም ሳይከራከሩ ይደግሙታል። ከመምሸቱ በፊት በርሜሎቹ ባዶ ሆኑ፤ እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

እሑድ፣ ቤቴ

ዘነበ። ጋሼ ደውለው «ጠብ አላለባትም!» እያሉ ጮሁ። በደስታ እንባዬ መጣ።

ባሌ ሰምቶ «እኛስ መቼ እንጀምር?» አለ።

«የጎረቤቶቻችንን ስም ታውቃለህ?»

ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል።

«የውሻቸውን አውቃለሁ» አለ።

«በል ጫማህን አድርግ፣ በራቸውን እናንኳኳ» አልኩት።